ባልተፈለገበት ቦታ

«አፈር ነው ወይስ አይደለም? መልሽልኝ።»

«አፈር መሆኑንማ መች ካድኩ፣ አቶ ናሆም?»

«ታዲያ ምን ያከራክረናል? አፈር ከምድር ቤት በላይ አይወጣም። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«መጽሐፉንም እኔ አልጻፍኩትም» አለች ትርሲት። «ምዕራፍ ሁለት፣ አፈርና ባሕርዩ። ‹ተማሪዎች እርጥብ አፈር በእጃቸው ጨብጠው ዓይነቱን ይለያሉ።› በእጃቸው ነው የሚለው።»

«መጽሐፉ ሁልጊዜ እንደዚያ ይላል። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ በስክሪን እናሳያለን።»

ክርክሩ የተያዘው ሃያኛ ፎቅ ላይ፣ በዘጠነኛ ክፍል በር ላይ ነበር። በሁለቱ መካከል፣ ወለሉ ላይ፣ የልብስ መዘፍዘፊያ የሚያክል የፕላስቲክ ሣጥን ተቀምጧል። ሣጥኑ ውስጥ እንደ ሊጥ የተጣበቀ ጥቁር፣ ከባድ ነገር አለ። በሩ ክፍት ስለነበር ተማሪዎቹ ሁሉንም ይሰማሉ፤ ዓመቱ ከተጀመረ ወዲህ እንደዚያ ጸጥ ብለው አያውቁም።

አቶ ናሆም በእነዋሪ ሕንፃ የሚገኘው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። በእሳቸው ዘመን የትምህርት ቤቱ የአየር ማጣሪያ በአቧራ ተዘግቶ አያውቅም፤ ጡረታቸው ስለተቃረበ በዚሁ ቢያልቅ ደስ ይላቸዋል።

«ለመሆኑ ከየት አገኘሽው?»

«ከጋራዥ። ማሽኖቹ ሊጠገኑ ሲገቡ ጎማቸው ላይ የተጣበቀውን ፍቄ።»

«ፍቀሽ! አስተማሪ ሆነሽ ጎማ ትፍቂ ጀመር?»

«ቲቸር!» ሲል ያፌት የሚባለው ተማሪ ከውስጥ አንገቱን አስግጎ ተጣራ። «አፈር ማለት እሱ ነው እንዴ? ጥቁር ነው እኮ! መጽሐፉ ላይ ቡኒ ነው።»

«መጽሐፉን የሠራው ሰው የጅሩን መሬት አያውቅማ» አለችው አጠገቡ የተቀመጠችው ኤልዳና። «አርፈህ ተቀመጥ፣ ደግሞ ያስወስዱብናል።»

ክፍሉ ሳቀ። አቶ ናሆም በሩን ገፋ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትርሲት፣ ትምህርቱ ዘንድሮ ያበቃል። ደብዳቤው ሲመጣ አብረን ነው ያነበብነው። ሰኔ ላይ ይፈተናሉ፣ ከዚያ በኋላ የግብርና ሳይንስ የሚባል ነገር የለም። አሁን ምን አስጨነቀሽ?»

«ስለሚያበቃ ነው። አንድ ነገር ከአፈር ሲወጣ ይዩ። አንድ ብቻ። ከዚያ ይቅር፣ አልከራከርም።»

ርዕሰ መምህሩ ሣጥኑን ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱት።

«እስከ ፈተናው» አሉ። «በፈተናው ጠዋት እዚህ ሕንፃ ውስጥ እንዳላየው። እስከዚያም ይከደን።»

«ከተከደነ እኮ አየር አያገኝም። ዘር ለመብቀል ውሃ፣ አየርና...»

«ትርሲት!»

«እሺ።»

ሣጥኑ አልተከደነም። እሳቸውም ሌላ ጊዜ በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ሌላው ግድግዳ ያዞሩ ጀመር።

እነዋሪ ድሮ ከተማ ነበረች፤ አሁን አንድ ሕንፃ ናት። የጅሩ ሰው በሙሉ እዚያ ውስጥ ይወለዳል፣ ይማራል፣ ያገባል፣ ያረጃል። ከሕንፃው ግርጌ እስከ ጀማ ገደል አፋፍ ድረስ ያለው ሜዳ ሁሉ ማሳ ነው። በማሳው ላይ ሰው የለም። ማሽኖቹ ያርሳሉ፣ ይዘራሉ፣ ያጭዳሉ። እህሉ ከመሬት በታች በተዘረጋ መስመር ይገባና በየቤቱ ግድግዳ ላይ ባለችው የምግብ በር በኩል ዳቦ፣ ገንፎ ወይም ፓስታ ሆኖ ይወጣል።

ወደ ማሳው መውጣት አልተከለከለም። አጥር የለም፣ ዘበኛም የለም። ነገር ግን ሰው ማሳው ውስጥ ከታየ፣ ለደኅንነቱ ሲባል፣ ማሽኖቹ ሁሉ ባሉበት ይቆማሉ። ማሽኖቹ ሲቆሙ መስመሩም አብሮ ይቆማል፤ መስመሩ ሲቆም የሕንፃው ሰው ሁሉ ምሳ ይዘገያል። ትርሲት ልጅ ሳለች አንድ ሰው ሰክሮ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አልከሰሰውም። ብቻ ሊፍት ውስጥ በገባ ቁጥር ሰው ሁሉ ጥግ ጥጉን ይይዝ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ እንደዚያው ሆነ። ከዚያ ወዲህ የወጣ የለም።

መሠረታዊ የግብርና ሳይንስ የሚባለው ትምህርት እስከ ዘንድሮ የቆየው የሚሰርዘው ሰው ስላላስታወሰው ነው። ዘንድሮ አንድ ሰው አስታወሰው። ተማሪዎቹ ግን መልሶቹን ሁሉ በቃላቸው ይዘዋል። አፈር ምንድን ነው? ሰብል ማፈራረቅ ለምን ይጠቅማል? አረም ምንድን ነው? «ባልተፈለገበት ቦታ የሚበቅል ተክል» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ያፌት መጨረሻዋን ቃል እንደ ዜማ እየጎተተ ክፍሉን ያስቃል። ትርሲትም ራሷ የተማረችው እንደዚሁ ነው፤ በጥሩ ውጤት ተመርቃለች።

ሣጥኑ በገባበት ቀን ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ብቻዋን ቀርታ እጇን አስገባችበት። ቀዝቃዛ ነበር። በጣቶቿ መካከል ገብቶ ያዛት፤ ስታወጣው ሳብ አደረጋት። አሸተተችው። ስለ ሽታው መጽሐፉ የሚለው ነገር የለም፤ እሷም ሽታውን የምትጠራበት ቃል አጣች። ቤቷ እስክትገባ እጇን አልታጠበችም፤ ሊፍት ውስጥ ኪሷ ውስጥ ደብቃ ያዘችው።

ከአባቷ ጋር የምትኖረው አሥራ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቷ አቶ ደርቤ ያን ሜዳ በበሬ ካረሱት ሰዎች በሕይወት ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ናቸው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች መስኮት ሥር ተቀምጠው ሜዳውን ሲያዩ ይውላሉ። አቶ ደርቤ ግን ወንበራቸውን ያደረጉት ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ነው። ፊት ለፊታቸው ያለው ግድግዳና የምግብ በሯ ነው።

«አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ዞር በል እስቲ። ሊዘንብ ነው፣ ሜዳው ጠቁሯል።»

«ዕድሜዬን ሙሉ አጎንብሼ ያየሁትን አሁን ደሞ ተቀምጬ ልየው?»

እናቷ በሕይወት ሳለች ትነግራት ነበር። የጅሩ ጥቁር አፈር ውሃ ይይዛል፤ ውሃው ካልተጠነፈፈ ስንዴው ሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ክረምት ላይ ቤተሰቡ በሙሉ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ እየዛቀ መደብ ያወጣል፤ ከሁለት መደብ መካከል ቦይ ይቀርና ውሃው በዚያ ይወርዳል። ትርሲት ያኔ ጨቅላ ነበረች። እናቷ በነጠላ ጠቅልላ ከፍ ያለው መደብ ላይ ታስተኛትና ሥራው ወደፊት በሄደ ቁጥር ከመደብ ወደ መደብ ታዘዋውራት ነበር። በዓመቱ ሕንፃው አለቀ፤ ሁሉም ገቡ።

ስለዚህ ትርሲት ማሳው ላይ ነበረች። ይህን ታውቃለች፣ ግን አታስታውሰውም። መስኮቱ ጋ ቆማ ሜዳውን ስታይ፣ አንድ ቦታ ላይ ዕቃ ጥላ የመጣች ይመስላታል፤ የጣለችው ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። እናቷ ከሞተች ወዲህ የሚነግሯት አባቷ ብቻ ናቸው የቀሩት።

«አባዬ፣ ያኔ እንዴት ነበር?»

«ጭቃ ነበር።»

«ሌላስ?»

«ሌላም ጭቃ።»

አፈሩ ተገኘ፤ ዘር ግን አልተገኘም። በምግብ በሯ የሚመጣው ሁሉ የተፈጨ ወይም የተጋገረ ነው። ፍሬው ሳይፈጭ እንዳለ የሚመጣ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም ዓርብ ዓርብ የሚመጣው ቆሎ ነው። ያፌት ነው ያሰበው። በኪሱ ቋጥሮ አመጣ።

«ቲቸር፣ ይኼ ስንዴ ነው። እማዬ ናት ያለችኝ። የስንዴ ቆሎ።»

ትርሲት አንዷን ፍሬ በመዳፏ ይዛ መጽሐፉ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አስተያየቻት። ቅርጿ አንድ ነው፤ ሆዷ ላይ ያለው ስንጥቅም አለ። ቀለሟ ጠቆር ይላል፤ የዝርያ ልዩነት ይሆናል ብላ አሰበች። ምዕራፍ አራት ስለ ዝርያ ልዩነት በሰፊው ይናገራል። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ፍሬ ወስዶ በጣቱ ጭቃው ውስጥ አስገባ። ኤልዳና የእሷን ከመቅበሯ በፊት በሹክሹክታ አንድ ነገር አለቻት፤ ምን እንዳለቻት ለማንም አልተናገረችም። ያፌት ከተረፈው ላይ ሁለቱን በላ።

«ዘራችንን ትበላለህ እንዴ አንተ!»

«የተረፈ ነው ባክሽ!»

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሁሉም ውሃ ያጠጡ ነበር። ተራ ለመያዝ ሞክረው አልተስማሙም፤ ሁሉም በየኮዳው ይዞ እየመጣ ጠብ ያደርግበታል። መጽሐፉ ዘር ለመብቀል ውሃ፣ አየርና ሙቀት ያስፈልገዋል ይላል። የመጽሐፉ ደራሲ፣ የተቆላ እህል አይበቅልም ብሎ መጻፍ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል ብሎ አላሰበም።

ለአባቷ የነገረችው እራት ላይ ነው።

«ዛሬ ዘራን» አለች።

«ምን?»

«ስንዴ።»

«ስንዴ ደሞ ከየት ተገኘ?»

«አንድ ተማሪ አምጥቶ። ከዓርቡ ቆሎ ያስተረፈውን።»

አቶ ደርቤ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ከምኑ?»

«ከቆሎው።»

«ቆሎ ዘራችሁ?»

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ሳቁ ፈንቅሏቸው ወጣ። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ሳቁ። «ቆሎ! እናንተዬ! ቆሎ ዘሩ!» ትርሲት እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷ እንደዚያ ሲስቁ አይታ አታውቅም። ምክንያቱን ሳታውቅ እሷም ፈገግ አለች።

«ተቆልቷል እኮ ልጄ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እሳት ነክቶታል። ሞቷል። እንኳን በሣጥን፣ በ...»

ፊቷን ሲያዩ አቆሙ።

«ማን ነገረኝ?» አለች ትርሲት። «ማን ነገረኝ አባዬ? ጠይቄህ አላውቅም? ጭቃ ነበር ነው ያልከኝ።»

«ተምረሻል፣ መምህር ነሽ፣ ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ።»

«እኔ የማውቀው የተጻፈውን ነው።»

አቶ ደርቤ ማንኪያውን መልሰው አነሱት፤ ግን አልበሉበትም። ግድግዳው ሳህኖቹን መልሶ ወሰዳቸው።

በማግሥቱ ለተማሪዎቹ ልትነግራቸው አስባ ገባች። ሣጥኑን ከበው ራስ ለራስ ተገጣጥመው አገኘቻቸው። ያፌት ጆሮውን አፈሩ ላይ ደፍቶ ነበር። «ዝም በሉ፣ ሲበቅል ድምፅ ይኖረው ይሆናል» ይላል። አልነገረቻቸውም። በነጋታውም አልነገረቻቸውም። እንዲህ እያለች ግንቦት አለቀ፤ ዝናቡ ሜዳው ላይ ገባ፤ ማሽኖቹ ከጋራዥ እየወጡ ጥቁር መስመር ያወጡ ጀመር።

አንድ ጠዋት ከሊፍቱ ስትወጣ ጩኸቱን ሰማችው። ኤልዳና ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጣ ክንዷን ያዘቻት፤ ወደ ክፍሉ ጎተተቻት።

በሣጥኑ አንድ ጥግ፣ ከጥቁሩ ጭቃ ውስጥ፣ መርፌ የምታክል አረንጓዴ ነገር ወጥታለች። ጫፏ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ይዛለች።

«የኔ ናት» አለ ያፌት። «እዚህ ጋ የዘራሁት እኔ ነኝ።»

«አንተማ በልተኸዋል!»

ሳቁ፣ ተቃቀፉ፣ ወንበር ላይ ወጥተው ዘለሉ። አቶ ናሆም በኮሪደሩ ሲያልፉ ቆሙ። ማጣሪያውን ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ሣጥኑን አዩት። «ብርሃን አይበቃትም መሰለኝ» አሉና ሄዱ። በዚያው ቀን ከሰዓት የመስኮቱ መጋረጃ ተነሥቶ ተገኘ።

ትርሲት የሞተ እህል እንደማይበቅል አሁን ታውቃለች። ቢሆንም ያቺን አረንጓዴ ባየች ጊዜ አባቷ ተሳስተው ይሆናል የሚል ሐሳብ ገባባት፤ ሐሳቡንም አላባረረችውም።

«በቀለ» አለቻቸው ማታ።

«ምኑ?»

«ቆሎው።»

«ቆሎ አይበቅልም።»

«መጥተህ እያ።»

«እኔ ትምህርት ቤት ምን አደርጋለሁ?»

«ፈርተህ ነው።»

አቶ ደርቤ ተነሥተው ወደ መኝታቸው ሄዱ። ጠዋት ከክፍሏ ስትወጣ ግን ጫማቸውን አሥረው፣ ኮታቸውን ለብሰው በሩ አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው። «ሊፍቱ ይሠራል?» አሉ።

ተማሪዎቹ ተነሥተው ተቀበሏቸው። ቅጠሏ አሁን ሁለት ሆናለች፤ ረዘም ብላ ወደ መስኮቱ አዘንብላለች። ልጆቹ መንገድ ለቀቁ። አቶ ደርቤ ወደ ሣጥኑ ሄዱ፣ አጎነበሱ፣ ቀኝ እጃቸው ወረደ። ሁለት ጣታቸው ከሥሯ ያዛት፤ ነቀሏት፤ የሣጥኑ ጠርዝ ላይ መታ መታ አድርገው አፈሯን አራገፉና ከትከሻቸው በላይ ወደ ኋላ ወረወሯት።

ሰው ፊቱ ላይ ያረፈች ዝንብ እንደሚያባርር ነበር ያደረጉት። ሳያስቡት።

«ሙጃ ነው» አሉ አቶ ደርቤ አሁንም እንዳጎነበሱ። «ገና በልጅነቱ ካልተነቀለ ማሳውን ይጨርሰዋል።» ከዚያ ቀና ሲሉ የልጆቹን ፊት አዩ።

ያፌት ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ቡቃያዋን በሁለት እጁ አነሣት። ከኋላ ያለች አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

«አባባ፣ ምን አደረጉ?» አለች ኤልዳና።

«አረም ነው እኮ ልጄ።»

«ያፌት» አለች ኤልዳና ዓይኗን ከሽማግሌው ሳትነቅል፣ «አረም ምንድን ነው?»

«ባልተፈለገበት ቦታ የሚበቅል ተክል» አለ ያፌት። በዚህ ጊዜ ቃሉን አልጎተተውም።

«እኛ እኮ ፈልገናት ነበር። በጣም ፈልገናት ነበር። ስለዚህ አረም አይደለችም።»

አቶ ደርቤ ጣታቸውን አዩ። ጥፍራቸው ሥር ጥቁር አፈር ገብቷል። ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና እንደዚያው ቆዩ፤ ልጆቹ መኖራቸውን የረሱ መሰለ።

«ስጠኝ» አሉት በመጨረሻ ያፌትን። ቡቃያዋን ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩዋት። «ሥሯ ደህና ነው። አልተቆረጠም።» ከዚያ መዳፋቸውን አፈሩ ላይ ጫኑ፤ ውሃው በጣቶቻቸው መካከል ፊጭ አለ። «ማነው ይኼን ሁሉ ውሃ ያጠጣው?»

«ሁላችንም!»

«አሰጠማችሁታ! ይኼ አፈር ከጠጣ አይበቃውም። ውሃው መጠንፈፍ አለበት።»

ኮታቸውን አውልቀው ለትርሲት ሰጧት፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ። ሁለቱን መዳፎቻቸውን እንደ ጽዋ አድርገው ከሣጥኑ መሃል ጭቃውን ሳቡት። ግራና ቀኝ እየከመሩ፣ በእጃቸው ጀርባ እያስተካከሉ ሄዱ። በሁለቱ ጠርዝ መደብ ተነሣ፤ በመሃል ቦይ ወረደ። ቆይቶ ከመደቦቹ ሥር ውሃው እየተንጠባጠበ ቦዩ ውስጥ ተኛ፤ የመስኮቱ ብርሃን በላዩ ታየ።

«አሁን አየር ይገባዋል» አለ ያፌት ቀስ ብሎ። «ዘር ለመብቀል ውሃ፣ አየርና...»

«አዎ። ወሬውን ተወውና እጅህን አስገባ።»

አስገባ። ኤልዳናም አስገባች። ያለቀሰችውም ልጅ መጣች። ሣጥኑ የማይችለው ያህል እጅ ገባበት።

«አንቺስ?» አሉ አቶ ደርቤ ሳይዞሩ።

ትርሲት ኮቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከጎናቸው ተንበረከከች።

«እናትሽ ከወዲያ ጫፍ ትጀምራለች» አሉ አቶ ደርቤ እጃቸው እየሠራ። «እኔ ከወዲህ። መሃል ላይ ስንገናኝ እጇ ከጭቃው አይለይም ነበር። የያዝኩት እሷን ይሁን መሬቱን ሳላውቅ እይዛለሁ። እሷ ትስቃለች። አንቺ እዚህ ጋ ትተኛለሽ።» ከፍ ያለውን ትንሽ መደብ በጣታቸው ነኩት።

«አላለቅስም ነበር?»

«እዚያማ አታለቅሺም። የምታለቅሺው ቤት ስናስገባሽ ነበር።»

ትርሲት ቀና አላለችም። እጇን ጭቃው ውስጥ እንደቀበረች ቆየች።

ሙጃዋን መደቡ ላይ መልሰው ተከሏት። «ትይዛለች?» ብለው ሲጠይቋቸው አቶ ደርቤ «ሙጃ እኮ ናት፤ መች እምቢ ትላለች» አሉ። ያን ዕለት ትርሲት ስለ ቆሎው እውነቱን ለተማሪዎቹ ነገረቻቸው። ትንሽ ተኮራረፉ፤ ከዚያ ያፌትን «ቆሎ ዘሪው» ብለው ሰየሙት፤ እሱም የሁለቱን ፍሬ መበላት እንደ ጥበብ ቆጠረው።

«ታዲያ እሷ ከየት መጣች?» አለች ኤልዳና።

«አፈሩ ውስጥ ነበረች» አሉ አቶ ደርቤ። «እኛ ስናርም ያመለጠን ረግፎ የቀረ ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱ ዘር መሬት ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ቀኑን ይጠብቃል።»

ከዚያ ወዲህ አቶ ደርቤ ከልጃቸው ጋር በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ይወጡ ነበር። ቤት ሲመለሱ ከድሮው ይልቅ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን የምግብ በሯ እራቱን አውጥታ ስትጠብቅ አላዩዋትም።

በፈተናው ዋዜማ፣ ትምህርት ሲያልቅ፣ አቶ ናሆም ገቡ። ሙጃዋ አሁን አቆጥቁጣ ሣጥኑን አልፋ ተንዘርፍፋለች። ርዕሰ መምህሩ መደቡንና ቦዩን አዩ፤ ጣታቸውን ዘረጉና መልሰው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ቃልሽ ነው፣ ትርሲት።»

«ቃሌ ነው።»

«እኔ አወርደዋለሁ» አሉ አቶ ደርቤ ከጥጉ።

«ጋራዥ ድረስ ነው እንግዲህ። እዚያ የሚጠርጉ አሉ፣ ይወስዱታል።»

«እሺ።»

ጠዋት ትርሲት ስትጣደፍ ጉልበቷን የአባቷ ወንበር መታት። ሁልጊዜ ከነበረበት ቦታ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። ስለረፈደባት አልመለሰችውም። አብረው ወደ ሃያኛ ፎቅ ወጡ። ክፍሉ ባዶ ነበር። አቶ ደርቤ ኮታቸውን አውልቀው ሰጧት።

«ያዢልኝ፣ ይቆሽሻል።»

«ይከብድሃል አባዬ። ሰው ልጥራልህ?»

«አውቀዋለሁ፤ አይከብደኝም።»

ሣጥኑን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው ሊፍት ውስጥ ገቡ። የሙጃዋ ጫፍ አገጫቸውን ይነካ ነበር። በሩ ተዘጋ።

ፈተናው ተጀመረ። አፈር ምንድን ነው? ሰብል ማፈራረቅ ለምን ይጠቅማል? አረም ምንድን ነው? ማረሚያው ፕሮግራም ከመጽሐፉ መልስ የተለየውን አይቀበልም፤ ተማሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። ያፌት ቶሎ ጻፈና አለፈ። ኤልዳና ግን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆየች። ከንፈሯን ነክሳ አሰበች፤ ከዚያ ረጅም ነገር ጻፈች።

ትርሲት በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወረች ከመስኮቱ አጠገብ ደረሰች። ሜዳው በሌሊቱ ዝናብ ርሶ ጠቁሯል። ማሽኖቹ ሁሉ ቆመዋል። ቅርብ ያሉትም፣ በሩቅ ወደ ጀማ ገደል በኩል ያሉትም፣ ክንዳቸውን እንዳነሡ ቀጥ ብለዋል። ከእነሱ ባሻገር አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች፤ ታጎነብሳለች፣ ቀና ትላለች፣ ታጎነብሳለች።

አንድ ተማሪ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ጊዜ አላችሁ» አለች ትርሲት። «አትቸኩሉ።»

ልጁ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

ያን ቀን ምሳ ዘገየ። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ተማሪውም መምህሩም ከተዘጋችው የምግብ በር ፊት ተሰልፎ ቆመ። አቶ ናሆም በሯን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ። ያፌት ሆዱን ይዞ ተነፈሰ። ትርሲት የአባቷን ኮት በክንዷ ይዛ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሰዎች ዘንድሮ ክረምቱ ቶሎ መግባቱን ተጨዋወቱ።